ይድረስ ለእማዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሿ ጥርስ አወጣች፣ ትልቋ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ፎቷቸውን በሰው እልካለሁ።

የሙሉቀንን እጅ የሰበረው ኳስ ነው ብለሻል። ኳሱ ብቻውን አይደለም እማዬ፤ የስኳር ሕመሙም አለበት። በመርፌ የምትሰጪው ኢንሱሊን ስኳር ከማውረዱ ሌላ አጥንት የሚሠሩትን ሕዋሳት ያበረታል። ሲጎድልና ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲከርም ልጁ ሽንት ያበዛል፤ ካልሲየሙም አብሮ ይወጣል። ሰው አጥንቱን በብዛት የሚያከማቸው እስከ 20 ዓመት ግድም ነው። እሱ ገና 12 ነው፤ ጎተራው የሚሞላው አሁን ነው።

ስለዚህ ጀሶው ከወጣና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ከኳስ አታስቀሪው፤ አጥንት በሩጫና በዝላይ ነው የሚጠነክረው። ብቻ ከመውጣቱ በፊት ስኳሩ ይለካ። ከ90 በታች ከሆነ ቁራሽ ዳቦ ይብላ፤ ከ250 በላይ ሆኖ ሽንቱ ላይ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው) ከታየ የዚያን ቀን ይቅርበት። ስኳሩ ወርዶ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጪው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ለኩ።

መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወስደሽው ነበር አሉ። ይህንንም ከሰው ነው የሰማሁት። በወንድሜ እጅ የደረሰውን እያየሽ? ወጌሻው የሚያስረው ቀርከሃ ሲጠብቅ ደም አያልፍም፤ ጣት ያብጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይጠቁራል። በወንድሜ ጊዜ አባዬ «እስከ ጥምቀት እንየው» ሲል አንቺም ዝም አልሽ። ጥምቀት ሲደርስ የሚታይ እጅ አልነበረም። አሁንም ከጀሶው ውጭ ያሉት የሙሉቀን ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው፤ አትጠብቂ።

ጾሙ ሲገባ ወተት አትከልክይው፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። በእሱ ዕድሜ በቀን 1300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል አለው። ወተትም 12 ግራም ያህል ስኳር ስላለው ከምግቡ ጋር ይቆጠር። አሻፈረኝ ካልሽ ጎመን አብዢለት፣ ሰሊጡንም ከነቅርፊቱ ውቀጪለት። ጋቢ ተከናንቦ ቤት አይዋል፣ ፀሐይ ያግኘው።

ወደ ኢንሱሊኑ መርፌ ልምጣ። የድሮው ባለ 1 ሚሊ ሊትር ነበር፤ አንዱ መስመር 2 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) ነው። አሁን የተሰጣችሁ ባለ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዱ መስመር 1 ዩኒት። የጠዋቱ 18 ዩኒት በድሮው 9 መስመር፣ በአሁኑ 18 መስመር ይሆናል። በስልክ «ዘጠኝ መስመር፣ እንደ ልማዴ» አልሽኝ። ግማሹን ነው የምትሰጪው ማለት ነው፤ ሌሊት ሌሊት ለሽንት የሚነሳውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ ለነርሷ ንገሪያት። ከእንግዲህ መስመር ሳይሆን የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቺ።

ቁጥሩ ግን ይታይሻል? አምና ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያሾልክልሽ እሱ ነበር። አሁን ቀኝ እጁ ታስሯል። የጎረቤታችን ተማሪ ልጅ ጠዋትና ማታ እየመጣች ኢንሱሊኑን አብራሽ በመርፌው እንድትስብ ለምኛታለሁ፣ እሺ ብላለች። አትቆጪ፣ በርም አትዝጊባት። ለፋሲካ ስመጣ ዓይንሽን እናስመረምራለን፤ ቀጠሮውን ይዣለሁ።

ልጅሽ