ሕጉ ካርታውን ሲቆጥር ገንዘቡ በጎን ያልፋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ሕግ የከለከላቸው የፖከር (በገንዘብ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) ክበቦች በራቸው ላይ ስማቸውን ጽፈው፣ የውድድር ቀናቸውን አስነግረው፣ በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩት ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የብዙ ሰው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ጉቦ። እኔ የሂሳብ መርማሪ ነኝ፤ ካርታ በእጄ ይዤ ባላውቅም ገንዘብ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ መከተል የዕለት ሥራዬ ስለሆነ፣ ይህ መልስ ግማሽ መንገድ ብቻ እንደሚያስኬድ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ጉቦ የለም እያልኩ አይደለም። የኒውዮርክን ፖሊስ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1972 ሪፖርቱን ያወጣው የናፕ ኮሚሽን፣ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ከቁማር ቤቶች በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ቋሚ ክፍያ ይሰበስቡ እንደነበር፣ ክፍያውም ከአንድ ቤት እስከ 3,500 ዶላር ይደርስ እንደነበር አረጋግጧል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክፍያ የሚገዛው ዝምታን ነው፤ ዝምታ የገዛ ሰው ደግሞ ራሱን ይሸሽጋል እንጂ ማስታወቂያ አይሰቅልም። ማስታወቂያ የሰቀለው ክበብ የተማመነው በፖሊሱ ኪስ ሳይሆን በሕጉ አንቀጽ ነው። እንዲያውም በግልጽ መሥራቱ ራሱ አንዱ መከራከሪያው ነው፤ «ወንጀል ቢሆን ኖሮ አድራሻችንን እንጽፍ ነበር?» ይላል።

የቁማር ሕጎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው ጨዋታው የዕድል ነው ወይስ የችሎታ የሚል ሲሆን፣ ጠበቆችና ጋዜጦች የሚወዱት ይህንኑ ነው። በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ አንድ ሰው በኤሌክትሪክ ብስክሌት መጋዘኑ የኋላ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ፖከር እያጫወተ መሐል ላይ ከሚከማቸው ገንዘብ አምስት በመቶ ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የፌዴራል ዳኛው ፖከር በዋነኛነት የችሎታ ጨዋታ ነው በማለት የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሻሩለት፤ በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የፌዴራሉ ሕግ ዕድልንና ችሎታን እንድንመዝን አይጠይቀንም ብሎ የዳኛውን ውሳኔ ገለበጠው። በለንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ያው የችሎታ ክርክር በአንድ የፖከር ክበብ ጉዳይ ቀርቦ ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ሳይቀበሉት ቀርተዋል። የእንግሊዝ ሕግ ዕድልና ችሎታ የተቀላቀሉበትን ጨዋታ ሁሉ እንደ ዕድል ጨዋታ ስለሚቆጥር በዚያ አገር ክርክሩ ብዙም አያራምድም። እኔ በበኩሌ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ በር የሚያንኳኳ ይመስለኛል። ተጫዋቹ ጎበዝ ሆነ አልሆነ ለቤቱ ባለቤት ምን ይለውጥለታል? ማንም ያሸንፍ ማን፣ እሱ ድርሻውን ያገኛል።

ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ከጨዋታው የሚጠቀመው ማን ነው? ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በተለመደው አሠራር ካርታ አዳዩ አንድ እጅ፣ ማለትም አንድ ዙር ጨዋታ፣ ባለቀ ቁጥር መሐል ላይ የተከመሩትን ቺፖች (በገንዘብ ምትክ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ክቦች) ወደ አሸናፊው ከመግፋቱ በፊት ጥቂቱን ነጥሎ በጠረጴዛው ላይ በተበጀች ቀዳዳ በኩል ከሥር ወደተቆለፈው ሣጥን ይጥላል። ይህ ግልጽ የሆነ የቁማር ትርፍ ነው፤ ሕጉም ያውቀዋል። አዲሶቹ ክበቦች ቀዳዳዋን ደፍነው ያንኑ ገንዘብ በር ላይ ይቀበላሉ፤ ስሙም የአባልነት መዋጮ፣ የወንበር ኪራይ ወይም የሰዓት ክፍያ ይባላል። ስሌቱን ልሥራው። በሰዓት ሠላሳ እጅ የሚጫወት ጠረጴዛ ከእያንዳንዱ እጅ አራት ዶላር ቢነሣለት ቤቱ 120 ዶላር ያገኛል። ዘጠኝ ተጫዋቾች ለወንበራቸው በሰዓት 13 ዶላር ቢከፍሉ ደግሞ 117 ይሆናል። የሦስት ዶላር ልዩነት ነው! በእኔ ሙያ የገቢ ርዕስ ስለተቀየረ ገቢው ተቀይሯል ብሎ የሚፈርም መርማሪ የለም። ሕጉ ግን ብዙ ጊዜ ይፈርማል።

ለዚህ ከቴክሳስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የግዛቱ የወንጀል ሕግ ምዕራፍ 47 ቁማርን ከልክሎ ሲያበቃ ለተከሳሽ ሦስት ነገሮችን ካሟላ መከላከያ ይሰጠዋል፤ ጨዋታው በግል ስፍራ ከተካሄደ፣ ማንም ከራሱ አሸናፊነት በስተቀር ሌላ ጥቅም ካላገኘ፣ ከችሎታና ከዕድል ውጪ የሁሉም ተጫዋች የማሸነፍና የመሸነፍ አጋጣሚ እኩል ከሆነ። አንቀጹን ሲያነቡት ሰው ሳሎን ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ የሚጫወተውን ጨዋታ ከክስ ለማዳን የተጻፈ ይመስላል፤ ክበቦቹ ግን አባል ብቻ ስለምናስገባ የግል ስፍራ ነን፣ ከጨዋታው ገንዘብም ስለማንነካ ጥቅም አላገኘንም ብለው ገቡበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በሂውስተን ሁለት ክበቦች ተወርረው የገንዘብ ማጠብ ክስ ተመሠረተ፤ ከሁለት ወር በኋላ ዐቃቤ ሕጓ የጥቅም ግጭት ሊኖር ይችላል በሚል ክሱን ራሳቸው አነሡት። በዳላስ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከተማው ለአንድ ክበብ በሕንፃው የመገልገያ ፈቃድ ሰጠ፤ ቆይቶ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ነጠቀው፤ የከተማው የራሱ የቅሬታ ቦርድ መለሰለት፤ ከተማውም ቦርዱን ፍርድ ቤት አቆመው። አንድ መንግሥት ከራሱ ጋር ሲካሰስ ክበቡ ምን ያድርግ? ክፍት ሆኖ ቆየ።

ከዚህ የምንረዳው፣ በር የማይዘጋው ባለሥልጣን ሁሉ ሌባ ስለሆነ ላይሆን እንደሚችል ነው። ዐቃቤ ሕግ ውጤቱ በማይታወቅ ክርክር በጀቱንና ስሙን ማስያዝ አይፈልግም፤ ፖሊስ ዐቃቤ ሕግ በማይገፋው መዝገብ ሌሊቱን አያሳልፍም፤ ፈቃድ ሰጪው ወንጀል የፖሊስ ሥራ ነው ይላል። እነሱ አንዱ ሌላውን ሲጠብቁ፣ በመሐል የሰነበተው ክበብ አባልና ሠራተኛ ያፈራል፣ ግብር ይከፍላል፤ እየቆየ ሲሄድ መዝጋቱ ከመተዉ የበለጠ ጩኸት ያስነሣል።

ቅጣቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። በህንድ በቅኝ ግዛት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው የቁማር ሕግ ለቁማር ቤት ባለቤት የደነገገው ከፍተኛ ቅጣት 200 ሩፒ ወይም የሦስት ወር እስራት ነበር። አንዳንድ ግዛቶች ቢያሻሽሉትም እንዲህ ያለ ቁጥር እንደተጻፈ በሚኖርበት ቦታ ሁሉ ቅጣቱ ለባለቤቱ ከመብራትና ከውሃ ክፍያ ተርታ የሚመዘገብ ወጪ ይሆናል። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ራሚ የተባለው የካርታ ጨዋታ በአመዛኙ የችሎታ ነው ሲል፣ ባለቤቱ ከጨዋታው ትርፍ የሚያገኝ ከሆነ ወንጀሉ ሊቋቋም እንደሚችል በዚያው ፍርድ ላይ አመልክቷል። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ግማሽ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ተጫዋቹ ነው፤ ስለ እሱ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በብዙ አገሮች ሕግ የቁማር ዕዳ በፍርድ ቤት አይጠየቅም። ፈቃድ በሌለው ክበብ ገንዘቡን ወደ ቺፕ የለወጠ ሰው ክበቡ በማግሥቱ ቢታሸግ በእጁ የቀረው የፕላስቲክ ክብ ብቻ ነው። ካርታው በትክክል መበወዙን ወይም አዳዩ ከአንዱ ተጫዋች ጋር መዶለቱን የሚቆጣጠርለትም የለም። ፈቃድ ያለው ቤት ቢሆን ቢያንስ አቤት የሚሉበት መሥሪያ ቤት አለ።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ስለ ካርታ መከራከሩን ትተው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢያስተካክሉ እመርጣለሁ፤ ክፍያው በምንም ስም ቢጠራ፣ ሰዎች ለገንዘብ እንዲጫወቱ ቦታ በማቅረቡ ገቢ የሚያገኝ ሁሉ ወይ ፈቃድ አውጥቶ ቁጥጥር ይቀበል፣ ወይ ይዘጋ። የእንግሊዝ ሕግ በመጠጥ ቤቶች ፖከርን ሲፈቅድ መደቡ ለአንድ ጨዋታ በሰው ከ5 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወስኖ ቤቱ ከመደቡ ምንም እንዳይነካና የመሳተፊያ ክፍያም እንዳያስከፍል ከልክሏል። መፍቀድም መከልከልም በዚህ ልክ በግልጽ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው።

በመጨረሻ ከጋዜጣው አንድ ነገር እለምናለሁ። ፖሊስ የቁማር ቤት ወረረ የሚለው ዜና ሁልጊዜ ከነፎቶግራፉ ይወጣል። እባካችሁ የወረራውን ቀን መዝግባችሁ ያዙና በሁለተኛውና በስድስተኛው ወር ተመልሳችሁ ክሱ የት እንደደረሰ፣ በሩም ክፍት ይሁን ዝግ ንገሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ