ቦቢ ከገንዳው ጠጣ ብለሽ ለደወልሽልኝ

ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?

ትናንት ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እማዬ፣ ቦቢ ከመዋኛ ገንዳው ሲጠጣ አገኘሁት፣ ይሞትብኝ ይሆን?» አልሽኝ። እኔም ግድ የለሽም፣ ምንም አይሆንም ብዬ ዘጋሁት። ከተኛሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሴ ልክ ነበር፤ ጎደሎ ግን ነበር። የቀረውን ልጻፍልሽ።

በደንብ ከተያዘ ገንዳ ትንሽ ላስ ላስ ያደረገ ውሻ አይመረዝም። የገንዳ ውሃ የሚጸዳበት ክሎሪን ስሙ ያስፈራል እንጂ፣ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ ነው የሚኖረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ትናንት የጠጣት ያቺ ጥቂት ውሃ አታስጨንቅሽ።

እንዲህ ስልሽ ግን ገንዳው የመጠጥ ውሃ ነው ማለቴ አይደለም። ላብ አለበት፣ ሽንት አለበት፣ ሰው ተቀብቶት የገባው ቅባት አለበት፣ ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ማጥፊያ አለበት። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው «የክሎሪን ሽታ» ራሱ የንጽሕና ምልክት አይደለም። ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነገር ነው እንዲያ የሚሸተው። ብዙ ከጠጣ ሆዱን ይረብሸዋል፤ ያስመልሰዋል ወይም ያስቀምጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ያልፋል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። የድሮ ውሻችንን ቡቺን ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ገና ትንሽ ነበርሽ። አንድ ሞቃት ቀን ኳስ ውሃ ውስጥ እየወረወርንለት ዋለ። ዘሎ ይገባል፣ አፉን ከፍቶ ኳሱን ይዞ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ደስታው ደስ ብሎን ማንም «በቃ» አላለም። አፉን በከፈተ ቁጥር ውሃ እየዋጠ እንደሆነ አንዳችንም ልብ አላልንም።

ከዚያ ከገንዳው ወጥቶ አስመለሰ። የወጣው ውሃ ብቻ ነበር። ሆዱ ተነፋ፣ ምራቁ ተዝረበረበ፣ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገድ ጀመር። አባትሽ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አለ። እኔ ግን ዓይኑን ሳየው አላማረኝም። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ነበር። ተሸክመነው እንስሳት ሐኪም ጋ ሮጥን።

ሐኪሟ ክሎሪኑ አይደለም አለችን። ውሃው ራሱ ነው። ውሻ ባጭር ጊዜ ከልክ ያለፈ ውሃ ሲውጥ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ ይቀጥናል። ያኔ ውሃው ወደ ሰውነት ሴሎች ይገባና ያሳብጣቸዋል። አንጎል ደግሞ በራስ ቅል ስለታጠረ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። መንገዳገዱ ከዚያ ነው የመጣው። ቢቆይ ኖሮ ያንቀጠቅጠውና ራሱን ይስት ነበር፤ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነገር ነው። ቡቺ እዚያው አድሮ ዳነ። እኔ ግን ያን ሌሊት እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ቦቢ አይዋኝ አልልሽም፣ ግን በየመሃሉ አስቁሚው። ጥቂት ከተጫወተ በኋላ አውጪው፣ ይረፍ፣ ይሽና። ከኳስ ይልቅ ጠፍጣፋ ነገር ወርውሪለት፤ አፉን ብዙ ሳይከፍት ይይዘዋል። በጎማ የሚረጭ ውሃ እያሳደደ መንከስ የሚወድ ውሻም ያው አደጋ አለበት። ትንንሽ ውሾች ደግሞ ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ነው የሚጎዱት። ውሃ ሲያስመልሰው፣ ድዱ ሲነጣ ወይም እግሩ ሲከዳው ካየሽ «ትንሽ ልየው» ብለሽ እንዳትጠብቂ። ወዲያው ሐኪም ጋ።

አከራይሽ «የእኛ ገንዳ የጨው ነው፣ ክሎሪን የለውም» አለኝ ብለሽኛል። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር ነው። ማሽኑ ከጨው ራሱ ክሎሪን ነው የሚያመርተው። ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። ቢሆንም ውሻ ጥሙን በእሱ መቁረጥ የለበትም።

ገንዳው ኬሚካል የሚጨመርበትን ቀን ደግሞ ጠይቀሽ እወቂ። አንዳንድ ቀን ገንዳውን ለማጥራት ክሎሪኑን በሊትር ወደ 10 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጉታል። መለኪያው ወደ ወትሮው እስኪመለስ ቦቢም ድመትሽ ውሮም በዚያ በኩል አይለፉ።

ከውሃው ይልቅ የምፈራው ግን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሉን ነው። የክሎሪን ኪኒኑ፣ ዱቄቱ፣ አሲዱ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ገንዳው ውስጥ የቀጠነው ነገር እዚያ ባልዲ ውስጥ እንዳለ ነው። አንድ ኪኒን ቢያኝክ አፉንና ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። ያ ቢደርስ እንዲያስመልሰው አታድርጊ፣ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥላልና። አፉን በንጹሕ ውሃ እጠቢለት፣ ሐኪም ጋ ደውዪ፣ ስትሄጂም ስሙ የተጻፈበትን ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። በሩ ሁልጊዜ ይቆለፍ። አሲዱና ክሎሪኑ ደግሞ እንዳይነካኩ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ለአንቺም መርዝ ነው።

ጎረቤት ያለውን የተተወ አረንጓዴ ገንዳም አልወደድኩትም። ክሎሪን የሌለው ውሃ ለእንስሳ ይሻላል ብለሽ እንዳትታለዪ። አንዳንዱ አረንጓዴ አልጌ የሚመስል ነገር ጉበትንና ነርቭን የሚያጠቃ መርዝ ያመነጫል፤ ውሻን በሰዓታት ሊገድል ይችላል። አይጥ የሸናበት የቆመ ውሃም ኩላሊትና ጉበት የሚጎዳ በሽታ ያመጣል። አጥሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ ድፈኚው።

ስለ ውሮ ጠይቀሽኝ ነበር። ድመት ብዙ አትጠጣም። እሷን የማስብላት ለመጠጣት ስታጎነብስ ተንሸራታ እንዳትገባ ነው። የገንዳው ጠርዝ ጥፍር አይዝም። ደረጃ በሌለበት በኩል የምትወጣበት ሰፊ ጣውላ አስሪላት። ቦቢንም ደረጃው ጋ እየወሰድሽ ደጋግመሽ አስወጪው፤ ሲደነግጥ መውጫው የት እንደሆነ ሰውነቱ እንዲያውቀው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቦቢ የውሃ ሳህን የት ነው ያለው? ወጥ ቤት ከሆነ እሱ ምን ያድርግ? ውጭ ሲሮጥ ውሎ ቅርብ ያገኘው ገንዳውን ነው። የእሱን ያህል 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም በላይ። ገንዳው አጠገብ ጥላ ሥር ትልቅ ሳህን አኑሪለት። ጠዋትም ከሰዓትም ቀይሪለት። ከዋኘ በኋላ ደግሞ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው፤ አለበለዚያ ፀጉሩን ሲልስ ያንኑ መጠጣቱ ነው።

ይህ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ዛሬ በደንብ በልቷል? ሲራመድ እንዴት ነው? የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ማን እንደያዘውም አከራይሽን ጠይቀሽ ንገሪኝ።

እናትሽ