ደብዳቤ ለልጄ፦ በዚህ የመኪና መሪ ሊማሊሞን እንዳትወርጂ

የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ጎንደር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ብርዱን አልወደደውም።

ወንድምሽ ትናንት ራት ላይ አምልጦት ነገረኝ። ጎማ ካስቀየርሽ ወዲህ መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል፣ 80 ሲደርስ ደግሞ መሪው እጅሽ ላይ ይንቀጠቀጣል አሉ። «ለአባዬ እንዳትነግረው» ማለትሽንም ተናዟል፤ እሱን አትቆጪው። ቅዳሜ ከስሜን ተራሮች በእግር የወረዱትን እንግዶች ልታመጪ አዲ አርቃይ ትሄጃለሽ ሲባልም ሰማሁ። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚያወርደውን የሊማሊሞን ቁልቁለት በዚህ መሪ እንዳትወርጂ።

የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹንስ ደግመሽ አጥብቀሻል? ጎማ ከወጣ ከገባ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፣ በዙር ሳይሆን በመስቀል። ጎማውን ካስቀየርሽበት ከጎንደር አንቺ እስካለሽበት ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያንቺ ጊዜው አልፏል። ደብዳቤውን አስቀምጪና አሁኑኑ ውጪ።

ጋራዡ የመሪውን አሞርዛተር፣ ንዝረት የሚያበርደውን ዕቃ፣ ቀይሪ አለሽ አሉ። ገንዘብሽን ያዢ። አዲስ አሞርዛተር መንቀጥቀጡን ለጊዜው ይውጠዋል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋውም። ጠባዩ የተለወጠው ጎማው ሲለወጥ ነው፤ ፍለጋውም ከዚያ ይጀምር። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ንፋሱን ለኪ፣ ከተነዳ በኋላ ጎማው ስለሚሞቅ ልኩ ከፍ ብሎ ይታያል። ጎሚስታው በእግሩ መትቶ «በቂ ነው» ብሎሽ ይሆናል፣ እኔ እሱን አላምንም። ከፊቶቹ አንዱ ካነሰ መኪናው ወደ ላላው ይስባል። ንፋሱ እኩል ሆኖም ከሳበ የፊቱን ግራና ቀኝ አቀያይሪ። መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ ለሸጠልሽ መልሺ። አሁንም ወደ ቀኝ ከሆነ ወይ የጎማዎቹ አቅጣጫ፣ አላይመንቱ፣ ተዛብቷል ወይ የቀኙ ፍሬን ይዞ ቀርቷል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳታበዢ ነድተሽ ቁሚና መዳፍሽን ጎማውን ወደተሸከመው ብረት፣ ወደ ቸርኬው፣ አስጠጊ፤ ቀኙ ከግራው በልጦ ከፈጀ አገኘሽው።

መዳፍ ስል ጋሼ ትዝ አሉኝ፤ ማንን እንደምል ታውቂያለሽ። በኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪናቸው ረዳት ሳለሁ ሊማሊሞ አፋፍ፣ ወልቅፊት ላይ፣ ሳይቆሙ ወርደው አያውቁም። ጎማውን አንድ ባንድ በእንጨት መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። አንድ የገና ዋዜማ የኋላው ግራ ፈጃቸው። እኔ ልቤ ሽሬ ደርሷል፣ «ቀስ ብለን እንውረድ» አልኳቸው። መልስ የለም፤ ክሪኩን ብቻ ወረወሩልኝ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሲወጣ ተፈረካክሶ ከግራሶው ጋር ተቦክቷል። ከመቀመጫ ሥር ያኖሩትን መለዋወጫ እስክናስገባ ነጋ፤ ገናን በደረቅ ዳቦና በአረቄ ፈሰክን። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ያንጎራጉሩ ነበር! አዘዞ ታመው በተኙ ጊዜ መንገድ ላይ ሆኜ ሳልሰናበታቸው ቀረሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የት ነበርኩ? መንቀጥቀጡ። ከ80 እስከ 100 ባለው ብቻ መጥቶ የሚተውሽ ከሆነ የጎማው ሚዛን፣ ባላንሱ፣ ነው። ግን ባላንስ ከማሠራትሽ በፊት የቸርኬውን ውስጠኛ ገጽ እዪ፤ የስሜን ጭቃ እዚያ ከደረቀ ደህናውንም ጎማ ያናውጣል። ጉድጓድ ስትመቺ የሚነሳና ፍጥነት ካልቀነስሽ የማይለቅሽ ከሆነ ግን የላላ ዕቃ አለ፤ አሮጌው ጎማ ሸፍኖት የኖረውን አዲሱ ከባድ ጎማ ገለጠው ማለት ነው። የኋላውን በድንጋይ አግደሽ ፊቱን በክሪክ አንሺ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘሽ ወዝውዢው፤ ከተወላገደ መጀመሪያ ኩሽኔታውን ጠርጥሪ። ግራና ቀኝ ይዘሽ ከተንቀጫቀጨ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን የቲራንቲ ጫፍ እዪ። ከዚያ አውርጂውና አንድ ሰው መሪውን ያወዛውዝልሽ፤ አንቺ ከሥር ሆነሽ የትኛው መገጣጠሚያ ዘግይቶ እንደሚከተል ተመልከቺ። ደግሞ ሁሉንም ባንዴ አታስቀይሪ። አንዱን ነክተሽ ንጂ፤ አለዚያ በሽታው የትኛው እንደነበር ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።

እንግዶቹ ይጠብቁ፣ ከተቆጡም ይቆጡ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆረጠው ያ ጠመዝማዛ መሪ ሲያመልጥሽ የምትሸሺበት ሜዳ የለውም። ሊማሊሞን እንዳትወርጂ አልኩሽ። እጅሽ ከኔ እጅ ይሻላል፣ ይህን ፊት ለፊት አልነግርሽም፤ ፍርሃቴ የእጅሽ አይደለም።

የንፋስ መለኪያውንና ትልቁን የዳዶ ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። መለኪያው የኔ ነው፣ ይመለሳል። እናትሽ በሶ ጨምራበታለች። ሐሙስ ማታ የቀኙ ቸርኬ ከግራው ምን ያህል እንደሚሞቅ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ለወንድምሽ ሳይሆን ለእኔ።

አባትሽ