ሰው ሠራሽ አኦርታ ስለተገጠመላቸው ሕሙማን፦ ለክልሉ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ አኦርታቸው በሰው ሠራሽ ቧንቧ ለተተካ ሕሙማን የተለየ የደም ግፊት ክትትል እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ታካሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከልብ የሚነሣው ዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ አብጦባቸው ወይም ግድግዳው ተሰንጥቆባቸው በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ወደ ቀያቸው ስለሚመለሱ ሰዎች ነው። ብዙ አይደሉም፤ ነገር ግን ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሰዎች እኛ ዘንድ ሲደርሱ እንደ ማንኛውም የግፊት ታካሚ ብቻ መታየታቸው እጅግ ያሳስበኛል።

ጤነኛ አኦርታ ይለጠጣል። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሲረጭ ግማሽ ያህሉ ወዲያው ወደ ሰውነት አይወርድም፤ አኦርታው ሰፋ ብሎ ይይዘውና ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ወደ ቦታው እየተመለሰ ወደፊት ይገፋዋል። የላይኛው ግፊት ከልክ እንዳያልፍ፣ የታችኛውም ከልክ እንዳይወርድ የሚጠብቀው ይህ ነው። ተሰፍቶ የሚገጠመው ምትክ አብዛኛውን ጊዜ ዳክሮን ከሚባል የፖሊስተር ክር የተሠራ ነው። ዳክሮን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ እጅግ ብዙ ሕይወት ያተረፈ ስለሆነ ማንንም ከቀዶ ሕክምናው ለማራቅ አልጽፍም፤ ሆኖም ከተፈጥሮው አኦርታ ጋር ሲነጻጸር በጣም ግትር ነው።

በዚህ የተነሣ በልብ አጠገብ ያለው የላይኛው ግፊት ሊጨምር፣ የታችኛው ሊቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ሊሰፋ ይችላል። የግፊቱ ሞገድ በግትር ግድግዳ ላይ ፈጥኖ ስለሚጓዝ፣ ከታች ካሉት የደም ሥሮች ተንጸባርቆ የሚመለሰው የሞገዱ ክፍል ልብ ገና ደም እየረጨ ሳለ ሊደርስበት ይችላል። የግራው የልብ ክፍል ይህን ጫና ለዓመታት ሲሸከም ጡንቻው ይወፍራል። ልብ ለራሱ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በሚያርፍበት ጊዜ ነውና፣ የወፈረው ጡንቻ ብዙ ደም በሚሻበት ሁኔታ የታችኛው ግፊት መውረዱ ጉዳቱን ድርብ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው ምትኩ ከልብ በሚነሣው የአኦርታ ክፍል ላይ ሲሆን ነው፤ ዋናው የመለጠጥ ሥራ የሚከናወነው እዚያ ነውና። ሳይነካ የቀረው የአኦርታ ክፍልም ከፍ ያለው ግፊት ያርፍበታል።

ደረቱ ላይ ረጅም ጠባሳ ያለው ሰው የመውጫ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሲያመጣ፣ ወረቀቱ ቀዶ ሕክምና መደረጉን ይናገራል እንጂ የትኛው የአኦርታ ክፍል እንደተተካ፣ ግፊቱ ከስንት ማለፍ እንደሌለበት የማይገልጽበት ጊዜ አለ። ካርዱ ላይ 160/60 ተጽፎ «የታችኛው ጥሩ ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ለእርሱ ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው 100 ራሱ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው። የላይኛውን ለማውረድ ሲባል ብቻ መድኃኒት ቢጨመርለት የታችኛው አብሮ ሊወርድ ስለሚችል፣ ውሳኔው ለእኛ ለነርሶች ብቻ መተው የለበትም።

ስለዚህ ቢሮው ለሪፈራል ሆስፒታሎች በሚያወጣው መመሪያ የመውጫ ወረቀቱ የምትኩን ቦታ፣ ዓይነትና የሚፈለገውን የግፊት መጠን እንዲይዝ እንዲያዝ፣ በጤና ጣቢያዎችም የላይኛውና የታችኛው ልኬት ከነልዩነታቸው እንዲመዘገቡ፣ ልዩነቱ የሰፋበት ሕመምተኛ የልብ አልትራሳውንድ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲባል በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን መድኃኒት ነው። መንገድ ሲዘጋ ከገጠር የሚመጣ ሕመምተኛ የግፊት ኪኒኑን አቋርጦ ይቀመጣል፤ ለእነዚህ ሰዎች ማቋረጥ የሚያስከትለው አደጋ ከሌላው የከፋ በመሆኑ፣ ለበርካታ ወራት የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጣቸው ቢሮው ቢፈቅድ ከነገ ጀምሮ ልንሠራበት እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር
ከምሥራቅ ጎጃም አንዲት ነርስ

ግልባጭ፦ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ፣ ደብረ ማርቆስ