ቡቺን ከገደል ላወጣችሁልን የአንኮበር ሰዎች

ይህን የምጽፈው ከጎረቤላ ወደ ታች ባሉት መንደሮች ለምትኖሩ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማታ በዚያ ጉም ውስጥ ባትሪና ዱላ ይዛችሁ አብራችሁን ለወጣችሁ ሁሉ ነው። ስልክ የሌላችሁ አላችሁና ያነበበ ያንብብላችሁ። ውሻችን ቡቺ ድናለች። እግሯ እየሻረ ነው። ትናንት እንደ ወትሮዋ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚው ላይ ስትጮህ ዋለች።

ላልሰማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የምንኖር፣ ውሻ የምናሳድግ ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜና እሁድ ሲመቸን ውሾቻችንን ይዘን ከከተማ እንወጣለን፤ እግረ መንገዳችንንም የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ እንጫወታለን። ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ይደብቅና ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ይናገራል። ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፍና ሣጥኑን ወደነበረበት ይመልሳል። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000፣ አሜሪካ ሕዝብ የሚጠቀምበትን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ባቆመች ማግስት ነው። መሬት አይቆፈርም። ምግብ አይቀመጥም፤ አውሬ ያሸተዋል።

አንኮበር ላይ ግን ይህን መጫወት ከሌላ ቦታ ይለያል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች አገር ናት። ስልክ እያዩ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዞሩ የከተማ ሰዎችን ያየ የንጉሥ ወርቅ ፈላጊ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። አንድ አባት ከማሳቸው ቀጥ ብለው መጥተው ከፊታችን ቆሙ። "ለማን ነግራችሁ ነው?" አሉን። ደብረ ብርሃን ያሉት ጓደኞቻችን ሣጥኖቹን ሳያስቀምጡ በፊት ቀበሌውንም ባለመሬቶቹንም አስፈቅደው ነበርና ነገርናቸው። ከአስታው ሥር ያገኘነውንም ሣጥን ከፍተን አሳየናቸው። ደብተር፣ እርሳስ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የልጆች ብይ። ብዩን አንስተው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ እርሳሱን ተቀብለው ስማቸውን ጻፉ፤ ቀኑን በግዕዝ ቁጥር አሰፈሩ።

አባባ፣ ያን ገጽ ፎቶ አንስተነዋል። ማታ ጠፍር ይዘው ከሁሉ ቀድመው የወጡትም እርስዎ ነበሩ። ዕድሜ ይስጥልን።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ መጣ። የአንኮበርን ጉም ያየ ያውቀዋል። ከቆላው ሽቅብ ይወጣና አጠገብህ የቆመውን ሰው ይሰውርብሃል። የጭላዳ መንጋ ከገደሉ አፋፍ ላይ በድንገት ሲጮህ ቡቺ ደንግጣ ዘለለች። የማሰሪያዋ መንጠቆ ተሰበረና ወደ ገደሉ ወረደች። ተጣራን፤ ድምፅ የለም። እየመሸ ነበር። ጅብ አለ፤ ነብርም አይጠፋም አሉን።

እዚህ ላይ ነው እናንተ የደረሳችሁት። ማንም አልጠራችሁም። የእኛን ጩኸት ሰምታችሁ ከየቤቱ ወጣችሁ። ለአንድ ውሻ ነው ሲባል "ታዲያ እሷስ ነፍስ አይደለች?" ያለው ወጣት አሁንም ይታየኛል። ከዚህ ጋራ ወደዚያ ጋራ እየተጣራችሁ ገደሉን ተከፋፈላችሁት። እረኞቹ ልጆች ደግሞ ፍየል ሲጠፋባቸው የሚፈልጉባቸውን እርከኖች አንድ በአንድ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ ነው እጁን አንስቶ ሁላችንንም ጸጥ ያሰኘው። ከታች ቀጭን የማልቀስ ድምፅ ተሰማ። እኛ አልሰማነውም ነበር፤ እሱ ሰማው።

የወረደው ያ "ነፍስ አይደለች?" ያለው ወጣት ነው። የጭነት ጠፍር ወገቡ ላይ አሰረ፤ አራት ሰው ከላይ ያዘው። ሲመለስ ቡቺን በጋቢው ጀርባው ላይ አዝሏት ነበር፣ ልክ እንደ ሕፃን። ጭንቅላቷ በትከሻው በኩል ወጥቶ ጆሮውን ትልስ ነበር። ክንዱን ድንጋይ ልጦታል። "ምንም አይደል" አለና የእሷን እግር ያይ ጀመር። ወንድሜ፣ ይህን ውለታ በምን እንደምከፍልህ አላውቅም።

እናታችን፣ ያን ሁሉ ሰው ቤትዎ አስገብተው እሳት አነደዱልን። የገብስ ቆሎና ጠላ አቀረቡ። ለቡቺ ወተት አሞቁላት። እኛ ላይ ባና ደረቡልን። ጠዋት ብር ስናወጣ ተቆጡን። ስለዚህ ብሩን ትተን ምርቃትዎን ይዘን ሄድን። መኪናው ውስጥ ብርዱን ችሎ ያደረው ሾፌራችን፣ በእሁድ ቀን ክሊኒኩን ከፍቶ እግሯን የሰፋላት ደብረ ብርሃን ያለው የእንስሳት ሐኪም፣ እናንተንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

አንድ ነገር ቀርቷል። የቤቱ አባወራ የቡቺን አንገት አይተው ያ የተንጠለጠለው ቆርቆሮ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ምልክት ነው አልኳቸው። "የእኛዎቹም ቢያገኙ" አሉ። ትክክል ናቸው። በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ በሽታው የሚደርሳቸው ከውሻ ነው። በሽታው የሚገታውም በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተብ ነው። ጉዳቱ ለሰው ብቻ አይደለም። እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ፣ የመንዝ ሰው ሣሩን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው መሬት የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከውሻ የሚተላለፍባቸው በሽታ ደግሞ ከዋና ዋና ጠላቶቻቸው አንዱ ነው። ውሾቻችን ተከትበውም እንኳ ጓሳ ይዘናቸው የማንሄደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለክትባቱ ገንዘብ እያዋጣን ነው። ከወረዳው የእንስሳት ሐኪሞች ጋር መነጋገር ጀምረናል። ቀኑ እንደተቆረጠ በቀበሌው በኩል እናስነግራለን። በጎቹን የሚጠብቁትን ውሾች በሙሉ ይዛችሁልን ውጡ። ጠፍሩንም እንተካለን፤ ያ ገመድ ዳግመኛ ጭነት የሚችል አይመስለኝም።