የሠርግ ሥራ አንቀበልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በዝነኞች ስም ዶትኮም (በ.com የሚያልቅ የድረ ገጽ አድራሻ) የሚያስመዘግቡትን በጅምላ «የስም ሌቦች» ብላችኋቸዋል። አንዱ እኔ ነኝ።

በአንድ ዘፋኝ ስም ድረ ገጽ ከከፈትኩ 9 ዓመቴ ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬም አድናቂው ነኝ። ከመርካቶ የለቀምኳቸውን ካሴቶቹን፣ የወጡበትን ዓመት፣ ኪቦርድ የተጫወተውን ሳይቀር አስፍሬበታለሁ። የአድራሻውን ክፍያ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኛለች። ባለፈው ወር ታዲያ ከማናጀሩ ደብዳቤ መጣ፦ «በ3 ቀን ውስጥ አስረክብ!»

ዶትኮም የገዛ ሰው፣ የትም ይኑር፣ ክርክር ቢነሳ በ1999 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ለመዳኘት ተስማምቶ ነው የሚገዛው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከሳሹ አድራሻው ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ መሆኑን ወይም እንደሚምታታ ማሳየት አለበት። ያዡ በስሙ ላይ መብትም ሆነ አግባብ ያለው ጥቅም እንደሌለው፣ ያስመዘገበውም የሚጠቀምበትም በክፉ ልቦና መሆኑን ጭምር። ተከሳሽ ለመልስ 20 ቀን አለው። 3 ቀኑ የማናጀሩ ፈጠራ ነው።

የሆሊውድ ተዋናይቷ ጁሊያ ሮበርትስ በ2000 ጄኔቫ ባለው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ከስሳ ስሟን አስመልሳለች። ስሟን ያስመዘገበው ሰውዬ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለጨረታ አውጥቶት ነበር። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ግን በ2001 ዳኞቹ ተከፋፍለው 2 ለ 1 ተረታ። ስሙን የያዘው ካናዳዊ ደግሞ ጎብኚውን ወደ ሌላ የዝነኞች ገጹ ነበር የሚመራው። እንደኔ ካሴት የሚለቅም አይመስለኝም።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። ከገጹ ግርጌ የወንድሜን የሞባይል ጥገና ሱቅ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። አምና ደግሞ አንዲት እናት ከሐዋሳ ደወሉ።

«ለልጄ ሠርግ ስንት ታስከፍላላችሁ?»

«እኔ አድናቂው ነኝ እንጂ እሱን አላውቀውም» አልኳቸው።

«ታዲያ ስሙን በር ላይ ምን ሰቀለው?»

መልስ አጣሁ። ከማናጀሩ ደብዳቤ ይልቅ እሳቸው ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ።

ማስታወቂያውን አንስቻለሁ። ከላይ በቀይ ቀለም «ይህ የአድናቂ ገጽ ነው፤ የሠርግ ሥራ አንቀበልም» ብያለሁ። ለማናጀሩም መልስ ልኬያለሁ፤ እስካሁን ዝም ብሏል። እናንተ ግን «ሌቦች» ያላችሁትን ብታርሙት ደስ ይለኛል።

አንድ አድናቂ፣ ከጉለሌ