አራት ሳምንት ብሎ አራት ወር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይንዎን እንዳያደክሙ ደብዳቤውን ታናሼ ያንብብልዎ። ቀስ ብሎ ያንብብ፣ እንዳይዘል።

ባለፈው ቅዳሜ ሉቤክ የምትባል የጀርመን ከተማ ደርሼ መጣሁ። ከሀምቡርግ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። የሄድኩት ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ለማየት ነው። የሉተራን ናት፤ እንዳይቆጡ።

በ1705፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ኋላ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ የሆነ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ እዚያ በእግሩ መጣ። ከአርንሽታት ተነስቶ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከመንዝ ጋይንት ድረስ በእግሩ ለሄደ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ልጁ አርንሽታት ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ነበር። ኦርጋን ምን እንደሆነ ባለፈው ጠይቀውኝ በቅጡ አላስረዳሁዎም። ግድግዳ የሚያክል የቧንቧ ክምር ነው። ትንሹ ቧንቧ እርሳስ ያክላል፣ ትልቁ እንደ ባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ነፋስ ሲገባበት ይጮኻል። መቺው በእጁ ብቻ ሳይሆን በእግሩም ይጫወተዋል። ያኔ መብራት የለ፣ ከኋላ ሆነው ወናፍ የሚነፉለት ሰዎች ነበሩ፤ ልክ እንደ አንጥረኛ ቤት።

የመጣው ዲትሪክ ቡክስተሁደ የሚባሉ ሽማግሌ መምህር ጋ ነው። ከገና በፊት ባሉ እሁዶች የሚያሰሙት የማታ ሙዚቃ ስሙ የገነነ ነበር። አንድ ጣጣ ግን ነበራቸው። ቦታቸውን የሚወርስ ሰው ልጃቸውንም ማግባት አለበት። ራሳቸውም ያገቡት ከሳቸው በፊት የነበረውን መቺ ልጅ ነው። በ1703 ሄንደል የሚባል ሌላ ሙዚቀኛ ከጓደኛው ጋር መጥቶ ይህን ሲሰማ ሹልክ ብሎ ተመለሰ። ልጅቷን ማን እንደጠየቃት እንጃ።

ባኽ 10 ዓመት ሳይሞላው እናትም አባትም ሞተውበት ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድሙ አንድ የሙዚቃ መጽሐፍ ነበረው፤ ለልጁ ግን ከለከለው። ልጁ በቁም ሳጥኑ ፍርግርግ እጁን እያሾለከ ያወጣና ሌሊት በጨረቃ ይገለብጥ ነበር ይባላል። ስድስት ወር! ሲጨርስ ወንድሙ ደረሰበትና ቀማው። ይህን ሳነብ የእርስዎ ድጓ ትዝ አለኝ። በጧፍ የጻፉት። አንዱ ገጽ ላይ ያለችውን የሰም ጠብታ በጥፍሬ ልፍቃት ስል «ተይ፣ እዚያ ላይ ነው እንቅልፍ የጣለኝ» ያሉኝን አልረሳውም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባኽ የጠየቀው ፈቃድ አራት ሳምንት ነበር። የቆየው አራት ወር ገደማ። በየካቲት 1706 የአርንሽታት ቤተ ክርስቲያን አለቆች ጠርተው የት እንደከረመ ጠየቁት። ሉቤክ ነበርኩ፣ ስለ ሙያዬ አንዳንድ ነገር ልማር ብዬ ነው አለ። ሥራው እንዳይጓደል ሰው ተክቶ ነበር። እነሱ ግን ሌላም ክስ ነበራቸው፤ በዝማሬው መሃል እንግዳ ድምፅ እየደባለቀ ምእመኑን ግራ አጋባ። እርስዎ ቢሆኑ ከማኅሌት ያስወጡት ነበር!

በባኽ ጊዜ የነበሩት ኦርጋኖች ዛሬ የሉም። ትልቁ ቀድሞ በሌላ ተተክቶ ነበር። ትንሹ በ1942 በነሱ ሆሳዕና ዋዜማ ሌሊት ከተማው በቦምብ ሲመታ ነደደ። ደወሎቹ ከማማው ወርደው ተሰባበሩ። እስካሁን የወደቁበት ናቸው፤ አላነሷቸውም። አንዱ አፉ ተከፍሎ፣ ስብርባሪው ወለሉ ውስጥ ገብቷል። አጥር ስላለው መንካት አይቻልም። ብዙ ቆምኩ።

አባቴ፣ እኔም ስወጣ ሁለት ዓመት ነበር ያልኩዎ። ይኸው ስድስተኛዬን ይዣለሁ። ያለፈው ወር ለአንድ ዓመት ተጨማሪ ፈርሜያለሁ። በስልክ ልነግርዎ አፌ ላይ እየመጣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። እርስዎ ደግሞ «መቼ ነው?» ሳይሉ ስለ ዝናቡ ብቻ ያወራሉ፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ለጥምቀት ግን እመጣለሁ፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጋይንት ሲሄዱ ለአያቴ «ለአንድ ክረምት ነው» ብለው ነበር አሉ፤ የተመለሱት ከሰባት ዓመት በኋላ። ያን ቀን አያቴ በር ላይ ምን አሉዎ?

ልጅዎ